ስም ያልተጻፈበት ደረሰኝ

ሽማግሌው ሞተው የተገኙት ከምሳ በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጽሕፈት መሣሪያ ማከፋፈያው የገንዘብ መቀበያ ክፍል፣ ሃያ ሁለት ዓመት በተቀመጡበት ወንበር ላይ ነው። በቀኝ እጃቸው እርሳስ ይዘዋል፤ በግራቸው ደግሞ አስማቸው ሲነሣ በአፋቸው የሚስቡትን መድኃኒት። መድኃኒቱ ባዶ ነበር። ከፊታቸው ላይ ያለው ጭንቀት ባይኖር የቀኑን ሒሳብ እየደመሩ ያሸለቡ ይመስሉ ነበር።

ሰፈሩ የሚያውቃቸው «አባ ደረሰኝ» በሚል ስም ነው። ያለ ደረሰኝ አይሰጡም፣ ያለ ደረሰኝ አይቀበሉም፤ የደረሰኙ ጥራዝ ከብብታቸው አይጠፋም። ጎረቤት የተዋሰውን መሰላል ሲመልስ ደረሰኝ ቆርጠውለታል። ለልጃቸው የኪስ ገንዘብ ሲሰጡ ያስፈርሟት ነበር እየተባለም ይወራል፤ ልጅቷ ግን ይህ ስም ማጥፋት ነው፣ ያስፈረመኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ትላለች።

ለምርመራ የመጣችው ኢንስፔክተር አጭርና ቀጭን ሴት ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ አንድም ለቁመናዋ፣ አንድም የገባችበትን ሳትወጋ ስለማትወጣ። አብሯት የመጣው አሥር አለቃ ከበሩ ሳያልፍ ነገሩን ጨርሶት ነበር፤ ሰውዬው አስመኛ ናቸው፣ መድኃኒቱ አልቋል፣ ፈርመን እንሂድ አለ። እውነቱን ለመናገር መርፌም በሆዷ ልትስማማ ምንም አልቀራትም። የሟቹ ልጅ ባትደርስ ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ባለቀ ነበር።

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ እንደ ሮጠች ቀሚሷ ላይ ነጭ ክር ተንጠልጥሏል። ገና አላለቀሰችም።

«ዛሬ ጠዋት የመድኃኒቱን ገንዘብ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሦስት መቶ ሃምሳ። ልክ ዋጋውን። ለመሳፈሪያ እንኳ አልጨመርኩለትም፤ አልነበረኝም። ዋጋው ጨምሮ ይሆን ሳይገዛ የቀረው? ጎድሎበት ይሆን? እስቲ ይንገሩኝ፣ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

መርፌ «እስከ ነገ ጠዋት ስጪኝ፣ እህቴ» አለቻትና ወደ ሬሳው ተመለሰች።

የመጀመሪያው ነገር ሱሪው ነበር። የገንዘብ መቀበያው ክፍል ለሽማግሌው ሳንባ ሲባል በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፤ ወለሉ ላይ የአቧራ ዘር የለም። የሽማግሌው ጉልበትና መቀመጫ ግን ነጭ የወረቀት ብናኝ ለብሷል። እንዲህ ያለ ብናኝ ያለው ከበስተኋላ፣ የወረቀት መቁረጫው ማሽን በቆመበት የዕቃ ክፍል ብቻ ነው። ሽማግሌው ወደዚያ ክፍል መግባት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሐኪም ከልክሏቸዋል።

ሁለተኛው ነገር የደረሰኙ ጥራዝ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። የጠንካራ ልባሱ አንድ ጥግ ተጨፍልቆ አረንጓዴ ቀለም ይዟል። መርፌ ዙሪያዋን አየች። ግድግዳው ነጭ፣ ጠረጴዛው ቡናማ፣ የመግቢያው በር ግራጫ ነው።

ከሸሚዛቸው ኪስ የመድኃኒት ቤት ብጣሽ ወረቀት ወጣ። አሥር አለቃው ደወለ። ሽማግሌው ጠዋት ሲሄዱ መድኃኒቱ አልገባም ነበርና በምሳ ሰዓት ይምጡ ተብለዋል። ዋጋው ያው ሦስት መቶ ሃምሳ ነው፤ አልጨመረም። ስማቸው የተለጠፈበት አንድ መድኃኒት እስካሁን መደርደሪያው ላይ እየጠበቃቸው ነው አለ ሻጩ፣ መሞታቸውን ሳያውቅ። እንግዲህ ገንዘቡ የጠፋው በጠዋትና በምሳ መካከል ነው።

ባለ መደብሩ ወፍራም፣ ንጹሕና ሥርዓት ወዳድ ሰው ነው። ምሳውን ከመንገዱ ማዶ ካለው ቤቱ ከሚስቱ ጋር በልቶ ሲመለስ ነው የሰማው። ስለ ገንዘቡ ሲጠየቅ ምንም አልደበቀም፤ የሚደበቅ ነገር ያለውም አልመሰለውም።

ማከፋፈያው በዱቤ የሚሸጠው በቼክ ነው። ደንበኞች ፈርመው፣ መጠኑን ጽፈው፣ ቀኑን ግን ባዶ ትተው ይሰጣሉ፤ «በዚህ ቀን አስገቡት» የሚሉት በቃል ነው። ይህን ቃል የሚይዘው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ነው። የሽማግሌው ልጅ የሰፋችው ሠላሳ ኪስ ያለው ጨርቅ፣ ለወሩ ቀን ሁሉ አንድ ኪስ። በአምስት የሚገባው ቼክ በአምስተኛው ኪስ፣ በሃያ አምስት የሚገባው በሃያ አምስተኛው። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ኪስ ይፈትሻሉ፣ ያገኙት ቼክ ላይ ቀኑን በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ፣ ባንክ ያስገባሉ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልተሳሳቱም። ወር በገባ በአምስት ያስገቡት የአንዲት የሕፃናት ማቆያ ባለቤት ቼክ ግን ደረቅ ቼክ ሆኖ ዛሬ ጠዋት ተመለሰ። ባንኩም ለመለሰበት ከማከፋፈያው ሒሳብ ሦስት መቶ ሃምሳ ቆረጠ።

«የእኛ ሥርዓት ግልጽ ነው» አለ ባለ መደብሩ። «ተመላሽ ቼክ ያስገባ ሠራተኛ ቅጣቱን ይችላል። ያለዚያ ማን ይጠነቀቃል?»

«ቼኩን የፈረመችው ደንበኛዋ አይደለችም እንዴ?»

«እሷ ደንበኛ ናት። ዛሬ ባስቀይማት ነገ ከሌላ ትገዛለች። ደግሞ ቀኑን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ የእጅ ጽሑፋቸው ነው።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል እንዲህ ያለውን። ሽማግሌው አልተከራከሩም ነበር። «ዓይኔ ደክሞ ይሆናል» ብለው የልጃቸውን ገንዘብ አውጥተው ሣጥኑ ውስጥ አስገቡ፤ ለራሳቸውም ደረሰኝ ቆረጡ። መርፌ ጥራዙን ገልጣ አየችው፦ ቁጥር 417፣ ለተመለሰ ቼክ ቅጣት፣ ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ከራሴ ተቀብያለሁ። ከሥሩም ፊርማ አለው።

ቅጠሉን ስትገለብጥ ሌላ አገኘች። ቁጥር 418። ለዚያው ቅጣት፣ ያው ሦስት መቶ ሃምሳ፣ ያው ፊርማ፤ ጽሑፉ ግን ተንቀጥቅጧል፣ ወረቀቱም ላይ ነጭ ብናኝ አለ። «ከ» ይልና የከፋዩ ስም ቦታ ባዶ ነው። ገንዘቡን ደግማ ደጋግማ ቆጠረች። ሣጥኑ ውስጥ የገባው የአንዱ ደረሰኝ ብቻ ነው።

የሕፃናት ማቆያዋ ባለቤት፣ ሁሉም «መምህርት» የሚሏት ሴት፣ ከሰዓት በኋላ ተጠርታ መጣች። ድምፅዋ ሃያ ሕፃን ጸጥ ሲያሰኝ የዋለ ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጥታ ሽማግሌውን መስደቧን ሳይጠይቋት ተናገረች።

«የተባባልነው በሃያ አምስት ነበር። ወላጆች የሚከፍሉኝ ያኔ ነው። ከእኔም ሒሳብ ሦስት መቶ ሃምሳ ተቆርጧል። ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ አንድ ጊዜ ቢደገም ሒሳቤ ይዘጋል። እናንተ ላጠፋችሁት እኔ ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም አልኳቸው። ሌላም ብዙ አልኳቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹ይቅር በይኝ፣ ልጄ› ብቻ። ከዚያ በኋላ መሳደቡም አላስደሰተኝም።»

አሥር አለቃው ሴትየዋን በዓይኑ አሥሮ ጨርሷል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሃያውን ሕፃን ስታበላ ረዳቶቿ ሁሉ አይተዋታል።

ሦስተኛው ተጠያቂ ባለ ቁልፉ ነው። የባለ መደብሩ ሚስት ወንድም፣ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ፣ ግዙፍ፣ ቁልፎቹ ወገቡ ላይ የሚንቀጫቀጩ ሰው። ሚስቱ ከወለደች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ዕቃ አበላሽቶ፣ «ሦስተኛ ከደገምክ እህትህም አታድንህም» ተብሏል። ምሳውን ሻይ ቤት በልቻለሁ አለ። ሲናገር የሚያየው መሬት መሬቱን ነው። መርፌ ስለ ሟቹ ብዙም አልጠየቀችውም፤ የዕቃ ክፍሉን እንዲያሳያት ብቻ ለመነችው። በሩ አረንጓዴ ነው። ከውጭ በጓጉንቸር ይቆለፋል። ከውስጥ በኩል በደረት ቁመት ላይ ቀለሙ በአምስት ስድስት ቦታ ተላልጧል። በማሽኑ አጠገብ ከተለመደው እጅግ የሰፋ የቆርቆሮ ኩባያ ቆሟል።

«ያንተ ነው?» አለችው።

«አዎ። ያለ ሻይ ሥራ አልወድም።»

ከመሄዷ በፊት ወደ ጨርቁ ሄዳ ሃያ አምስተኛውን ኪስ ከፈተች። ኪሱ ውስጥ የአንድ መጽሐፍ ሻጭ ቼክ ተኝቷል። ሻጩ ሲደወልለት ተገረመ፤ የእኔ ሁልጊዜ በአምስት ነው፣ ለምን እስካሁን አላስገባችሁትም አለ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም በገንዘብ መቀበያው ክፍል ተሰበሰቡ። ባዶውን ወንበር ደፍሮ የተቀመጠበት የለም። ባለ መደብሩ ቆሟል፤ መምህርት ቦርሳዋን አቅፋለች፤ ባለ ቁልፉ በሩ አጠገብ ነው፤ ልጅቷ አባቷ ገንዘብ ይቀበሉበት ከነበረው መስኮት ሥር ተቀምጣለች።

መርፌ ቀስ ብላ ጀመረች። ሽማግሌው የሞቱት እዚህ አይደለም አለች። የሱሪያቸው ብናኝና የጥራዙ ጥግ ቀለም ከአንድ ክፍል የመጡ ናቸው። ከአረንጓዴው በር ኋላ ተቆልፎባቸው፣ በያዙት ጥራዝ በሩን ሲደበድቡ ቆይተው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሞተዋል። ከሞቱ በኋላ አንድ ጉልበታም ሰው ተሸክሞ ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸው፤ እርሳሱንም አስያዛቸው።

ባለ መደብሩ የሚስቱን ወንድም ቀና ብሎ አየው።

«ለምን ወደማይገቡበት ክፍል ገቡ?» ስትል ቀጠለች መርፌ። «ይህን አግኝተው ነው።» በጥራዙ ቅጠሎች መካከል ያገኘችውን የተመለሰ ቼክ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጀርባው ላይ፣ ከባንኩ ማኅተም ጎን፣ ሰፊ የሻይ ክብ አለ። «ሽማግሌው ቀን ሲጽፉ የሚያዩት ፊቱን ነው። ጀርባውን ያዩት ማኅተሙን ለማንበብ ሲገለብጡት ነው። እሳቸው ለደረታቸው ሲሉ ከሙቅ ውሃ በቀር አይጠጡም። እንዲህ የሰፋ ኩባያ ያለው አንድ ሰው ነው።»

የሆነውን ነገረቻቸው። በወሩ መጀመሪያ አንድ ሰው ጨርቁ ላይ ሻይ ደፋ። እንዳይታወቅበት ቼኮቹን ከየኪሱ አውጥቶ ቆለላቸው፤ ኩባያውን ክምሩ ላይ አሳረፈ፤ ጨርቁን አጠበ። መልሶ ሲከት የየትኛው ኪስ የየትኛው እንደነበረ አላስታወሰም። ቼኮቹ ላይ ቀን የለም። የሃያ አምስቱ አምስት ውስጥ ገባ፤ የአምስቱ ሃያ አምስት ውስጥ። ሽማግሌው ኪሱን አመኑ።

«ስለዚህ የማን ዕዳ ነው?» አለ ባለ መደብሩ፣ ከልማዱ የተነሣ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ።

«ባንክ ጠይቄልዎታለሁ» አለች መርፌ። «ከሁለቱም ሒሳብ እንቆርጣለን፣ ከዚያ በኋላ ማን ለማን እንደሚተካ የእናንተ ጉዳይ ነው አሉኝ። ስንቅ ሳይኖር ቀኑ የደረሰ ቼክ ከሆነ የፈረመው ይተካል። ከተባባሉበት ቀን በፊት ያስገባ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ ይችለዋል። ይዞት የመጣውስ ሠራተኛ ብላቸው፣ ‹እሱ ደግሞ ምን አደረገ?› ብለው መልሰው እኔኑ ጠየቁኝ።»

መርፌ በእጇ የገንዘብ ሣጥኑን ነካች።

«ለአስም መድኃኒት የተያዘ ገንዘብ ነበር» አለች። «እዚህ ሣጥን ውስጥ ገባ። ምሳ ሰዓት ላይ መድኃኒት ቤት መሄድ ትተው ቼኩን ይዘው ወደ ዕቃ ክፍል የገቡት ለዚህ ነው። አሁን የሸሚዝህ ኪስ ውስጥ ያለውን አውጣው፣ ወንድሜ። ትናንት ማታ ጠይቀናል፤ ሻይ ቤት አልገባህም፤ ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛህ ዘንድ ሮጠህ ገንዘብ ተበድረሃል።»

ባለ ቁልፉ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። የተጣጠፉ ኖቶች ወጡ፤ ሦስት መቶና ሃምሳ። ከትናንት ጀምሮ ያንኑ ሸሚዝ ነው የለበሰው፤ ገንዘቡን የት እንደሚያደርገው አላወቀም።

«‹ለጋሼ ራስህ ንገረው› አሉኝ» አለ ባለ መደብሩን በዓይኑ እያመለከተ። «እሺ፣ መጀመሪያ ግን ቅጣቱን ልተካልዎት፣ ገንዘቡን ይዤ ብነግረው ይሻላል አልኳቸው። ‹አምጣ፤ ደረሰኝ እሰጥሃለሁ› አሉኝ። ስወጣ ግን ፈራሁ። ሳልመለስ ቢነግሩትስ ብዬ ቆለፍኩባቸው። ለግማሽ ሰዓት ነው። መድኃኒታቸው ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ባዶ መሆኑን ማን ነገረኝ? ስመለስ በሩ ሥር ነበሩ። አባባ፣ ይኸው አመጣሁ አልኳቸው።»

ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያለቅስ ማየት ደስ አይልም።

መርፌ ጥራዙን ከፍታ ቁጥር 418ን ወደ እሱ አዞረችው። ሬሳውን ሲሸከም ጥራዙን እንደተዘጋ ነበር ያስቀመጠው፤ ውስጡን አላየም።

«እኒህ ሰው በሕይወታቸው ገንዘብ ሳይቀበሉ ደረሰኝ ቆርጠው አያውቁም» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ ቆረጡ፤ ከበሩ ኋላ ሆነው። እንደምትመለስ አምነዋል። ስሙን ያልጻፉት ግን ረስተው አይደለም። ባለ መደብሩ በየማታው ጥራዙን ገልጠው ያነባሉ። ስምህ ቢኖርበት ሳትነግራቸው ያውቁት ነበር። እንድትነግራቸው ፈለጉ እንጂ እንድትያዝ አልፈለጉም።»

ባለ ቁልፉ ደረሰኙን አየው፤ ሊነካው ግን አልደፈረም።

ያን ጊዜ ባለ መደብሩ ሣጥኑን ከፈተ። ሦስት መቶ ሃምሳ ቆጥሮ ወደ ልጅቷ ገፋ። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ልተካው አለ፤ ድምፁ እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መምህርትም ቦርሳዋን ፈታ ፈልጋ ፈልጋ ሁለት መቶ አገኘች፤ የቀረውን በሃያ አምስት አመጣለሁ ብላ ከጎኑ አኖረችው። ትናንት አንድ ከፋይ የጠፋለት ቅጣት ዛሬ ሦስት ከፋይ አገኘ። ገንዘቡ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ የሚቀበልና ደረሰኝ የሚቆርጥ ግን አልነበረም።

ልጅቷ አልነካችውም። መርፌን ብቻ ነው የምታየው።

«እንግዲያው እኔ አይደለሁም?» አለች።

«አንቺ የሰጠሽው ልክ ነበር። አንዲትም አልጎደለችም።»

ልጅቷ ያን ጊዜ አለቀሰች። ከትናንት ጀምሮ ለማልቀስ ይህን መልስ ስትጠብቅ ነበር። ሲወጣላት ወደ ባለ ቁልፉ ዞረች፤ ሰው ሁሉ ትሰድበዋለች ብሎ ጠበቀ።

«ልጅህን ምን አላችሁት?» አለችው።

«ስም ገና አላወጣንለትም» አለ።

አሥር አለቃው ካቴናውን አወጣ። አንድ ነገር ግን ከንክኖት ወደ መርፌ ጆሮ ጠጋ አለ፤ ባለ መደብሩንስ በምን እንክሰሰው ብሎ ጠየቃት። ለእሱ አንቀጽ የለንም አለችው። ሌላ ጊዜ ጉዳይ ስትዘጋ የሚሰማት ደስታ ነበር። ዛሬ ግን ጥርት አድርጋ ካወቀችው ነገር ውስጥ ልትመልሰው የምትችለው አንድም የለም፤ ሽማግሌውን አትመልስ፣ ገንዘቡን አትመልስ፣ ግማሽ ሰዓቱን አትመልስ።

የክስ ቅጹን ዘረጋችና በማስረጃው ዝርዝር ውስጥ ጻፈች፦ ደረሰኝ ቁጥር 418፣ ለተመለሰ ቼክ ቅጣት፣ ሦስት መቶ ሃምሳ። ቀጥሎ ያለው መስመር የከፋዩን ስም ይጠይቃል። ሕጉ ባዶ መተው አይፈቅድም። መርፌ የተከፈተውን ጥራዝ፣ ሽማግሌው ሳይሞሉት የተዉትን ቦታ አየች። ከዚያ ብዕሯን አንሥታ የባለ ቁልፉን ሙሉ ስም ከነአባቱ ጻፈችው።